ጨዋታው በሳጥን ነበር፦ የአንድ የደሴ ሜዳ ጉዳይ

ልጁ 12 ዓመቱ ነው። በባዶ እግሩ ነበር የሚጫወተው። ከማዕዘን የተሻማውን ኳስ በጭንቅላቱ ሊገጭ ዘለለ። ሲወርድ ግን ቁጭ አለ፤ አልተነሳም። ወለምታ መስሎን «ተነስ አቦ፣ ሰዓት አትግደል» እያልን ጮህንበት። ጠጋ ስንል ተረከዙ ደም በደም ሆኗል። የቢራ ጠርሙስ አንገት ነው። ሣሩ ውስጥ ስባሪውን ወደ ላይ አድርጎ ተተክሏል።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስነው። 6 ቦታ ተሰፋ፤ የመንጋጋ ቆልፍ መርፌም ተወጋ። እናቱ መጥታ ትጮህብናለች ብለን ተዘጋጅተን ነበር። አልጮኸችም። የልጁን እግር አየች፣ እኛን አየች። «ማን ጠጥቶ ነው?» አለች። የመለሰላት የለም። እኔም ዝም አልኩ። ባለፈው ቅዳሜ እዚያው ጥግ ላይ ከጠጡት አንዱ ነበርኩ።

ይህ የሆነው ታኅሣሥ 2016 ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት ሜዳው ላይ የሆነውን እዚህ እጽፈዋለሁ። የሜዳው ኮሚቴ ጸሐፊ ስለሆንኩ ደብተሩ እኔ ጋ ነው። የሰፈሩን ስም ግን አልጠራም። ደሴ ሰፊ ብትመስልም ሁሉም ሰው ይተዋወቃል፤ የሚቀየም አይጠፋም። ከጦሳ ተራራ ሥር ካሉት ሰፈሮች አንዱ ነው ብዬ ልለፈው።

ደሴን ያየ ሰው እዚህ ከተማ ሜዳ ማግኘት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ በዳገትና በገደል መካከል የተሰካች ከተማ ናት። ጠፍጣፋ መሬት ከተገኘ ወይ ቤት ተሠርቶበታል፣ ወይ ሊሠራበት ካርታ ወጥቶለታል። የኛም ሜዳ ቢሆን ትንሽ ያጋድላል። ወደ ላይኛው ጎል ማጥቃት ዳገት መውጣት ነው፤ ሳንቲም ሲጣል ሁሉም የሚጸልየው መጀመሪያ ቁልቁለቱ እንዲደርሰው ነው። ጠዋት ሯጮች ይሮጡበታል። ከሰዓት ተማሪ ይሞላዋል። የሰርግ ድንኳንም የለቅሶ ድንኳንም ይተከልበታል። ለአረፋ በግ ይሸጥበታል። በአንድ በኩል ባሕር ዛፎች አሉ። ከዛፎቹ በታች የአንዲት እትዬ ጠላ ቤት አለ። በወዲያኛው በኩል ደግሞ ቢራ በሳጥን የሚሸጥ ሱቅ አለ። የኮምቦልቻው ቢራ ፋብሪካ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚርቀን። ቢራ አጥሮን አያውቅም።

አሁን ስለ ሳጥኑ ልንገራችሁ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት ቡድን ይገጥማል። ውርርዱ ሳጥን ነው። የተሸነፈው ቡድን አዋጥቶ አንድ ሳጥን ቢራ ይገዛል። አንድ ሳጥን 24 ጠርሙስ ይይዛል። ተጫዋቹ 22፣ አንዱ ለዳኛው፣ አንዱ ለኳሱ ባለቤት። ሳጥኑን የፈለሰፈው ሰው እግር ኳስ ይወድ ነበር እንል ነበር። ቢራው የሚጠጣው እዚያው ሜዳው ጥግ፣ ላብ ሳይደርቅ ነው። በዕረፍት ሰዓት የሚጀምሩም ነበሩ። ታኅሣሥና ሐምሌ ላይ ደግሞ «ብርዱን ይሰብራል» ተብሎ ከጨዋታ በፊት አረቄ ይቀመሳል። ይሄ ነገር ውሸት ነው። አልኮል ከቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ያሰፋል፤ ሞቃቱ ደም ወደ ቆዳ ይወጣና የሞቀህ ይመስልሃል። ሙቀቱ ግን ከሰውነትህ እየወጣ ነው። በዚያ ላይ ሽንት ያበዛል፤ የጠጣ ሰው ዳገቱን መሮጥ ሲጀምር ውሃ ጠምቶት ነው። የኛ አጥቂ ጉም በወረደ ቀን አረቄ ቀምሶ ገብቶ በ20 ደቂቃ ውስጥ ጥርሱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኛ ወባ ነው አልን።

ለቢራ ጠርሙስ ሁልጊዜ ማስያዣ አለ። ባዶውን ካልመለስክ ገንዘብህ ይቀራል። ታዲያ ሜዳው ላይ እንዴት ተሰበረ? ባለሱቁ ለሰፈር ልጅ ማስያዣ አይጠይቅም ነበር። «እናንተማ የኔ ናችሁ» ይላል። ደግነት ነው። ግን ማስያዣ ያልተከፈለበት ጠርሙስ ባለቤት የለውም። ጎል ሲገባ በድንጋይ ይመታል፣ ዛፍ ላይ ይፈነዳል፣ ማታ ሰክሮ የሚያልፍ ይረግጠዋል።

ባለሱቁ ሌላም ነገር አድርጎልናል። የጎሉን መረብ የገዛው እሱ ነው። ኳስም ሁለት ጊዜ ገዝቷል። መስመር የምናሰምርበትን ኖራ የሚያመጣልንም እሱ ነው። በምላሹ ሳጥኑ ከሱ ሱቅ እንዲገዛ ነው። ይህ በወረቀት አልተጻፈም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ትልልቆቹም እንደዚሁ ናቸው፤ በኛ መፍረድ የለም። ኳታር እ.ኤ.አ. በ2022ቱ የዓለም ዋንጫ ውድድሩ ሊጀመር 2 ቀን ሲቀረው በስታዲየሞቹ ዙሪያ ቢራ እንዳይሸጥ ስትከለክል፣ የፊፋ ስፖንሰር ከሆኑት አንዱ የቢራ ኩባንያ ነበር። ዓለም ሁሉ ምን ይሆን ይሆን ብሎ ተንጫጫ። የኛ ሰፈር ፊፋ አንድ ሱቅ ነው፤ ልዩነቱ ይሄው ነው።

ልጁ ከተጎዳ በኋላ መጀመሪያ ያደረግነው ሁሉም ኮሚቴ የሚያደርገውን ነው። ሰሌዳ ተከልን። «በዚህ ሜዳ የአልኮል መጠጥ መጠጣት በጥብቅ የተከለከለ ነው።» ቀይ ቀለም፣ ትልቅ ፊደል። ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ኮርቼበትም ነበር። በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ልጅ የቢራ ክዳን በሰሌዳው ቆርቆሮ ጠርዝ ሲከፍት አየሁት። በደንብ ይከፍታል። የካቲት ላይ ሰሌዳው ወድቆ ተጠባባቂዎች ይቀመጡበት ጀመር።

ቀጥሎ ቀበሌ ሄድን። ደንብ አስከባሪዎች አንድ ቅዳሜ መጡ። ሁሉም ጠርሙሱን ይዞ ከሜዳው 20 እርምጃ ወጣና ባሕር ዛፎቹ ሥር ተቀመጠ። «ሜዳው የቱ ጋ ነው የሚያበቃው?» ብለው ጠየቁን። እኛም አናውቀውም። አጥር የለው፣ ድንበር የለው። እነሱ ሄዱ፤ ስባሪው ዛፎቹ ሥር ተጨመረ። አሁን ኳስ ወደዚያ ሲሄድ የሚያመጣው ሕፃን ነው። ነገሩን አባስነው እንጂ አላሻሻልነውም።

ሕጉንም አንስተን ነበር። በ2011 በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮል መሸጥ ክልክል ነው። በቴሌቪዥንና በሬዲዮ የቢራ ማስታወቂያ የጠፋውም በዚሁ አዋጅ ነው። እኛ ሜዳ ላይ ሳጥኑን ከሱቅ ተሸክመው የሚያመጡት የ15 እና የ16 ዓመት ልጆች ነበሩ። ይህን ለባለሱቁ ስነግረው አልተቆጣም፤ ሳቀ። «ለነሱ መች ሸጥኩ? ለናንተ ነው የሸጥኩት፤ እነሱ ተላኩ።» መልስ አጣሁ። ላኪዎቹ እኛ ነን።

እዚህ ላይ ኮሚቴው ደከመው። ለሁለት ሳምንት ስብሰባ የሚባል አልነበረም።

ከዚያ ጾም ገባ። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾምና ረመዳን መጋቢት 2 ቀን አንድ ላይ ነው የገቡት። ደሴ ውስጥ ይህ ተራ ነገር አይደለም። አንድ ቤት ውስጥ አንዱ ሑዳዴ ይጾማል፣ አንዱ ረመዳን ይጾማል፤ አጎት ሙስሊም፣ የወንድም ልጅ ክርስቲያን ሆኖ አንድ ግቢ የሚኖር ብዙ ነው። ቅዳሜ ጨዋታው አልቀረም። ሰዓቱ ብቻ ወደ ማምሻው ተገፋ፤ ሙስሊሞቹ ልጆች ዐስር ሰግደው ይመጡና መግሪብ ሲቃረብ ያበቃል። ስባሪ ጠርሙስ ይኖራል ብዬ የጠበቅኩት እኔ ነበርኩ። በልማዴ ማዳበሪያ ይዤ ስባሪ ልለቅም እሄዳለሁ። መጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ነበር። ሁለተኛው ሳምንት ምንም አልነበረም። በሦስተኛው ማዳበሪያውን እቤት ትቼው ሄድኩ።

ማንም ሰሌዳ አልተከለም። ማንም ደንብ አስከባሪ አልጠራም። ነገሩ ቀላል ነው፦ ሙሉ ቀን ውሃ ሳይቀምስ ሮጦ የሜዳው ጠርዝ ላይ ቴምር ይዞ አዛን የሚጠብቅ ልጅ ፊት ጠርሙስ መክፈት ያሳፍራል። ቢራ የሚወዱት እነዚያው ልጆች ናቸው ለጾመኞቹ በሃይላንድ ውሃ ቀድተው የሚያቀብሉት። በይሉኝታ ስንቀልድ እንውላለን፤ ሥራዬ ብሎ ሲሠራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

በዚያው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ደወለ። እዚያ ዲስክ ጎልፍ የሚባል ነገር ይጫወታል። ለማታውቁት፣ እንደ ጎልፍ ነው፤ ግን በዱላና በኳስ ፋንታ ሳህን የመሰለ የፕላስቲክ ዲስክ ወርውረህ፣ ሰንሰለት የተንጠለጠለበት የብረት ቅርጫት ውስጥ ታስገባለህ። ብዙውን ጊዜ 18 ቅርጫት ነው። በትንሽ ውርወራ የጨረሰ ያሸንፋል። የመጀመሪያው ቋሚ መጫወቻ እ.ኤ.አ. በ1975 ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የሕዝብ መናፈሻ የተሠራ ሲሆን፣ የጀመረው ኤድ ሄድሪክ የሚባል ሰው በዓመቱ የባለሙያ ዲስክ ጎልፍ ማኅበርን መሠረተ። እስካሁንም አብዛኛው መጫወቻ የሕዝብ መናፈሻ ውስጥ ነው። ታዲያ ጭቅጭቁ ቁርጥ የኛው ሆኖ አገኘሁት። መናፈሻው የከተማው ስለሆነ ደንቡም የከተማው ነው፤ አንዱ ጋ የተፈቀደው ሌላው ጋ ክልክል ነው። ሰሌዳ አለ፤ የሚያነበው የለም። ቁጥቋጦ ውስጥ ጣሳ ይጣላል። ልጆቿን ይዛ መናፈሻ የመጣች እናት ታማርራለች። «እንዲህ ከቀጠለማ ቅርጫቶቹን ይነቅሏቸዋል ብለን እንፈራለን» አለኝ።

ይህችን ቃል ደብተሬ ላይ ጻፍኳት። የኛን ሜዳ የሚመኝ ሞልቷል። «የሰካራም መዋያ ነው» የሚል አንድ ደብዳቤ ብቻ ይበቃዋል። ነገ ብሎኬት ይራገፍበታል።

ሌላም ነገር ነገረኝ፤ የጠቀመን እሱ ነው። ማኅበሩ ዕውቅና በሚሰጣቸው ውድድሮች ተጫዋች ዙሩ ከተጀመረ አንስቶ የውጤት ካርዱን እስኪያስረክብ ድረስ አልኮል አይጠጣም፤ ከጠጣ እስከ መባረር ይደርሳል። ደንቡ «መጠጥ ኃጢአት ነው» አይልም። «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት» ነው የሚለው። መነሻና መድረሻ አለው። የኛ ሰሌዳ «በጥብቅ» ይል ነበር እንጂ መቼ እንደሚጀምርና መቼ እንደሚያበቃ አይናገርም።

ዒድ አልፎ ፋሲካ ሳይደርስ፣ ሚያዝያ ላይ፣ አንድ ጡረታ የወጡ የስፖርት አስተማሪ ቤት ቡና ተፈላ። ጠላ ቤቷ ትቀርበን ነበር፤ ግን ሁሉም የሚቀመጥበት ቤት እንዲሆን ተብሎ ነው። የሰፈሩ ሼህም መምሬም መጡ። በወሎ ወግ መጀመሪያ ተመረቀ፤ ዕጣኑ ጨሰ፣ አቦሉ ቀረበ። የመጀመሪያው ሰዓት ባዶ ወሬ ነበር። «ወጣቱ ተበላሽቷል» ተባለ። እኔም ደብተሬን ከድኜ ነበር።

ከዚያ የክንፍ ተጫዋቻችን አጎንብሶ እያለ ተናገረ። ሙስሊም ነው፣ ዝምተኛ ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልናገር?»

«ተናገር የኔ ልጅ።»

«እኔ አራት ጊዜ ለሳጥን ከፍያለሁ። አልጠጣም፤ ግን ስንሸነፍ አዋጣለሁ። አላዋጣም ብል ቡድን ከፋፈለ ትሉኛላችሁ። አንድ ቀን ለእናቴ ገንዘቡ ጠፋብኝ ብዬ ዋሸኋት።»

ቤቱ ጸጥ አለ። የቡድናችን ግማሹ ሙስሊም ነው። ስናሸንፍ ለነሱ ለስላሳ እናመጣ ነበር፤ ደግ የሆንን መስሎን። ስንሸነፍ ግን ቢራውን አብረው ይገዙት ነበር። ለስንት ዓመት! «ጉልበቴን አሞኛል» እያሉ ቡድኑን የተዉ ሁለት ልጆች ነበሩ። ጉልበታቸው ደህና እንደነበር ያን ቀን ገባኝ። ይሉኝታን ከላይ አሞግሼዋለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ይኸው ይሉኝታ ሰው አፍኖ ኖሯል።

ስለ ስባሪ ጠርሙስ ልንነጋገር መጥተን፣ ነገሩ ገንዘቡ ላይ እንደነበር የታወቀው በቶናው ነው። አንዱ ቶሎ ብሎ «እንግዲያው የተሸነፈ በሳጥን ፋንታ ገንዘቡን ለሜዳው ያስገባ» አለ። ጥሩ መሰለን። ሼሁ ፈገግ አሉ። «ልጆቼ፣ እሱም ውርርድ ነው» አሉ። መምሬም ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለዚህ ሁለቱም ቡድን ከጨዋታው በፊት እኩል እንዲከፍል ሆነ። ያሸነፈም የተሸነፈም ያው ነው። በዚያ ገንዘብ መረብ፣ ኳስና ኖራ ይገዛል።

የመጠጡን ደንብ ከአክስቴ ልጅ ወሬ ወሰድነው። ተጫዋችም ዳኛም ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ዳኛው ውጤቱን ደብተር ላይ ጽፎ፣ ሁለቱ አምበሎች ፈርመው ደብተሩ እስኪከደን ድረስ አይጠጣም። ደብተሩ ከተከደነ በኋላ የሚጠጣ ሰው ቤት ገብቶ ይጠጣ፤ ማንም አይጠይቀውም። ጠርሙስ ግን መቼም ቢሆን ሜዳው ላይም ዛፎቹ ሥርም አይገባም። ድንበሩን በኖራ አሰመርነው። ልጅ መላክ ቀረ። ቅጣቱ የገንዘብ አይደለም፤ ደንቡን ያፈረሰ ተጫዋች አምበሉን ይዞ በሚቀጥለው ቅዳሜ ሜዳውን ያጸዳል። አምበል ማዳበሪያ ይዞ ሲያጎነብስ ማየት ለሰፈሩ ከኳሱ የማይተናነስ ትርኢት ነው።

ወዲያው ሁሉ ነገር አልተስተካከለም። ባለሱቁ ተቀየመና መረቡን ፈቶ ወሰደ። መብቱ ነው፤ የሱ ነው። ሦስት ቅዳሜ መረብ በሌለው ጎል ተጫወትን። አንዱ ቅዳሜ «ገባ፣ አልገባም» በሚል ጨዋታው 40 ደቂቃ ቆሞ፣ ኳሷ በጎሉ ውስጥ ትለፍ በውጭ የምታውቀው አንዲት ላም ብቻ ነበረች። ከሦስት ሳምንት በኋላ በራሳችን ገንዘብ መረብ ገዛን። ባለሱቁንም ሽማግሌ ልከን ታረቅን፤ አሁን ከማንም ሰው ማስያዣ ይቀበላል። ጠርሙስ የሚመለሰው ከዚያ ወዲህ ነው። ልጆች ዛፍ ሥር የተረሳ ጠርሙስ ካገኙ ሮጠው ይወስዱለታል፤ ገንዘብ ነዋ።

አረቄው በሃይላንድ መጣ። ውሃ መስሎ። ይህን እስካሁን አላሸነፍነውም። መስመር ዳኛችን የሚሰጡትን ውሃ ሁሉ አሽትቶ ነው የሚጠጣው።

የበደልነው ሰው እትዬ ናቸው። ኮሚቴው ስለ መጠጥ ሲያወራ ጠላ ቤቱንም ከሱቁ ጋር ደርቦ አየው። ቅዳሜ ከሰዓት እንዳይሸጡ ነገርናቸው። በማግሥቱ ቤቴ ድረስ መጡ። «ልጄ፣ የኔ ጠላ በጣሳ ነው የሚጠጣ። ጣሳ ማንን ወጋ?» እውነታቸውን ነው። ያን ሁሉ ዓመት ከሳቸው ቤት አንድ ስባሪ አልወጣም። ሲታይ ለተጫዋቹ ከቢራው ይልቅ የሳቸው ቅራሪ ይሻለው ነበር። ክልከላውን በሁለተኛው ሳምንት አነሳነው፤ ደብተሩ ሲከደን ይከፍታሉ። ለጨዋታው ሰዓት ሻይና ቆሎ ይዘው እንዲወጡ ለመንናቸው። ይወጣሉ። ግን ሻይ የጠላን ያህል እንደማያስገባ በየሳምንቱ ይነግሩኛል፤ ለዚህ ያገኘንላቸው መልስ የለም።

ልጁ ሰኔ ላይ ወደ ሜዳ ተመለሰ። ትንሽ ያነክስ ነበር፤ አሁን ለቆታል። እኔ ግን እናቱን ባየኋት ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ሐምሌ ላይ፣ የክረምቱ ውድድር ሊጀመር ሰሞን፣ ወፍጮ ቤት በር ላይ ተገጣጠምን። መቀየሪያ መንገድ አልነበረም።

«እታለም፣ ያን ቀን ማን ጠጥቶ ነው ብለሽ ነበር። እኔም ነበርኩበት» አልኳት።

የዱቄቱን ጆንያ ከትከሻዋ አወረደች። አየችኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «ጫማ ግዛለት።»

ገዛሁለት። ቁጥር 35።